ሁለት ፓስፖርት የያዘ ልጅ፦ ዜግነት፣ ድንበርና የአሥራ ስምንተኛው ዓመት ጥያቄ

በሕግ ፋኩልቲ የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ



ለሕግ መምህር ንግግሩን በአንቀጽ ቁጥር መጀመር የተለመደ ነው። ዛሬ ግን በገዛ ቤተሰቤ በደረሰ ነገር ልጀምር። ከስምንት ዓመት በፊት አባታችን ሲያርፉ፣ በአሜሪካ በሜሪላንድ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ለቀብሩ ለመድረስ በአንድ ሌሊት ተነሣች። የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጇንም ይዛ ነበር። ልጅቷ የተወለደችው እዚያው ሜሪላንድ ነው። አባቷ የአሜሪካ ዜግነት የወሰደ የአገራችን ሰው ነው፤ እህቴ ግን እስከ ዛሬ ኢትዮጵያዊት ናት፣ እዚያ የምትኖረውም በግሪን ካርድ ነው። ልጅቷ ሁለት ፓስፖርት ነበራት። የአሜሪካው ጊዜው አልፎበት ነበር፤ የኢትዮጵያው ግን ገና የሚያገለግል ነበር። እህቴ የሚያገለግለውን ይዛ፣ ያለፈበትን መሳቢያ ውስጥ ትታ መጣች።

ሲመጡ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ሐዘኑ ካበቃ በኋላ ሊመለሱ አውሮፕላን ማረፊያ ስንደርስ ግን የአየር መንገዱ ሠራተኛ የልጅቷን ፓስፖርት ገልጦ ቪዛዋን ጠየቀ። ቪዛ አልነበራትም። እህቴ የልጅቷን የልደት የምስክር ወረቀት አውጥታ ‹‹ልጄ እዚያ ነው የተወለደችው፣ የዚያ አገር ዜጋ ናት›› አለች። ሠራተኛውም በትሕትና፣ ‹‹እመቤቴ፣ አምናለሁ፤ ነገር ግን በዚህ ወረቀት ላሳፍራት አልችልም›› አላት። በማግስቱ ኤምባሲ ሄድን። የተነገረን ግልጽ ነበር፦ ቪዛ የሚሰጠው ለውጭ አገር ሰው ነው፤ ልጅቷ ዜጋ ስለሆነች ቪዛ ሊሰጣት አይችልም፤ ፓስፖርት ማውጣት አለባት፤ ዕድሜዋ ከ16 ዓመት በታች ስለሆነም የሁለቱም ወላጆች ፈቃድ ያስፈልጋል። አባቷ በሜሪላንድ ሰነድ አረጋጋጭ ፊት ፈርሞ ወረቀቱን እስኪልክና ፓስፖርቱ እስኪወጣ አሥራ ስምንት ቀን አለፈ። ትምህርት ተጀመረ፤ እህቴም ከሥራዋ ልትሰናበት ጥቂት ቀርቷት ነበር።

ጥፋቱ የአየር መንገዱም የኤምባሲውም አልነበረም። የዜግነትን ሕግ ለብዙ ዓመት ያስተማርሁት እኔ፣ ከመነሣታቸው በፊት በስልክ ‹‹የልጅቷን ፓስፖርቶች አይተሻል ወይ?›› ብዬ አልጠየቅሁም። ሁለት ፓስፖርት እጥፍ ነፃነት የሚሰጥ ይመስለን ነበር። ልጅቷ በእውነት የነበረችበት ሁኔታ ሌላ ነው፦ ሁለት መንግሥታት፣ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ሕግ፣ ‹‹የእኔ ናት›› ይሏታል። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ይህ ድርብ ጥሪ ከየት እንደሚመጣ፣ በጉዞ ላይ ምን እንደሚያስከትልና መቼ እንደሚያበቃ ነው።

ዜግነትና ፓስፖርት

ወላጆች ብዙ ጊዜ ‹‹ልጄን የየት አገር ዜጋ ላድርገው?›› ብለው ይጠይቁኛል። ልጅን ዜጋ የሚያደርገው ግን ሕግ ነው። ፓስፖርት ዜግነትን አይፈጥርም፤ አስቀድሞ የተፈጠረውን ዜግነት ለድንበር ሹም የሚመሰክር ወረቀት ነው። የወረቀቱ ጊዜ ቢያልፍ ዜግነቱ አያልፍም። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ብንቆልፍበትም ዜግነቱ ከልጁ ጋር ይጓዛል። የእህቴ ልጅ የአሜሪካ ፓስፖርቷን ሜሪላንድ ብትተወውም አዲስ አበባ የገባችው አሜሪካዊነቷን ይዛ ነው፤ ቪዛ የተከለከለችውም በዚሁ ምክንያት ነበር።

ልጅ ሲወለድ ዜግነት የሚያገኘው በሁለት መንገድ ነው፤ በትውልድ ስፍራ ወይም በወላጅ ደም። አሜሪካ ሁለቱንም ትጠቀማለች። እ.ኤ.አ. በ1868 የጸደቀው የሕገ መንግሥቷ 14ኛ ማሻሻያ በግዛቷ ለሚወለዱና በሥልጣኗ ሥር ላሉ ሰዎች ዜግነት ይሰጣል። ኢትዮጵያ የምትከተለው የደምን መንገድ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የዜግነት ሕጋችን አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው፣ በአገር ውስጥም ይወለድ በውጭ፣ ኢትዮጵያዊ እንደሆነ ደንግጎ ነበር። ብዙ አገሮች እናት ዜግነቷን ለልጇ እንዳታስተላልፍ በሚከለክሉበት ዘመን የወጣ መሆኑን ልብ በሉ። የዛሬው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 6 እና የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 አንቀጽ 3 ይህንኑ መሠረት ይዘዋል።

እንግዲህ ከኢትዮጵያዊት እናት በሜሪላንድ ስትወለድ በአንዲት አራስ ላይ ሁለት ሕጎች በአንድ ጊዜ ይሠራሉ። ያመለከተ ወይም የፈረመ ሰው የለም። በአንጻሩ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የሚወለድ ሕፃን በዚያ በመወለዱ ብቻ የአገሩን ዜግነት አያገኝም፤ ዕድሜውን ሁሉ እዚያ ቢያድግም የሚይዘው የወላጆቹን ዜግነት ነው። ስለዚህ በውጭ የተወለደ ልጅ ሁሉ ጥምር ዜግነት አለው ማለት አይቻልም፤ የሁለቱን አገሮች ሕግ ጎን ለጎን ማንበብ ግድ ነው።

የእኛ ሕግ በወጣበት በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1930፣ በሄግ የዜግነት ሕጎች ግጭትን የሚመለከት ስምምነት ተፈርሞ ነበር። የስምምነቱ መግቢያ ሰው ሁሉ አንድ ዜግነት፣ አንድም ብቻ እንዲኖረው ይመኛል። አንቀጽ 3 ግን ምኞቱ ገና እንዳልተፈጸመ አምኖ፣ ሁለት ዜግነት ያለውን ሰው ሁለቱም መንግሥታት እንደ ራሳቸው ዜጋ ሊቆጥሩት እንደሚችሉ ይናገራል። አንቀጽ 4 ደግሞ አንድ መንግሥት ዜጋውን፣ ያው ሰው ዜጋው በሆነለት በሌላው መንግሥት ላይ በዲፕሎማሲ ሊከላከልለት እንደማይችል ይደነግጋል። የዚህ ትርጉሙ ለወላጆች ከባድ ነው፦ ልጁ አዲስ አበባ ሳለ ‹‹ኤምባሲው አለልን›› ብሎ መተማመን፣ ዋሽንግተን ሳለም እንዲሁ ማሰብ፣ የሚያስተማምነው በተወሰነ ደረጃ ብቻ ነው። በእያንዳንዱ አገር ውስጥ ልጁ በመጀመሪያ የዚያ አገር ልጅ ነው።

‹‹ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም›› የሚለው አባባል

ይህን አባባል ሁላችሁም ሰምታችኋል። ለአዋቂ ሰው ትክክል ነው። በአዋጅ 378/1996 አንቀጽ 20 ንኡስ አንቀጽ 1 መሠረት፣ በራሱ ፈቃድ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። ለሕፃን ግን አባባሉ ግማሽ እውነት ብቻ ነው። ንኡስ አንቀጽ 2 ስለ ሌላ ሰው ይናገራል፦ ከውጭ አገር ዜጋ ወላጅ በመወለዱ ወይም በውጭ አገር በመወለዱ ሌላ ዜግነት ስላገኘ ኢትዮጵያዊ። ይህ ሰው አካለ መጠን ከደረሰ በኋላ ባለው የአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ሌላውን ዜግነት ትቶ በኢትዮጵያዊነቱ ለመጽናት መምረጡን ካላሳወቀ፣ ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ንኡስ አንቀጽ 4 ደግሞ ያ ጊዜ እስኪደርስ ድረስ እንደ ኢትዮጵያዊ እንደሚታይ ይገልጻል።

ስለዚህ ሕጋችን ለልጆች የጊዜ ገደብ ያለው መስኮት ከፍቷል። ከልደት እስከ አሥራ ዘጠነኛው የልደት ቀን ዋዜማ ድረስ ልጁ ሁለቱንም ሆኖ ይኖራል። የእህቴ ልጅ የኢትዮጵያ ፓስፖርት መያዟ ሕግን መሸወድ አልነበረም፤ መብቷ ነው።

ነገር ግን የውጭ ፓስፖርት የያዘ የኢትዮጵያውያን ልጅ ሁሉ በዚህ መስኮት አይገባም። ሦስት ልጆችን እንለይ። የመጀመሪያዋ እንደ እህቴ ልጅ ስትወለድ ቢያንስ አንድ ወላጇ ኢትዮጵያዊ የነበረች ናት፤ እሷ በንኡስ አንቀጽ 2 ትዳኛለች። ሁለተኛው ሲወለድ ሁለቱም ወላጆቹ አስቀድመው የሌላ አገር ዜግነት ወስደው የነበረ ልጅ ነው። እሱ ከመነሻው ኢትዮጵያዊ ዜጋ አልነበረም፤ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መብት ግን አለው። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የሚሰጠው፣ ሕዝቡ ቢጫ ካርድ የሚለው መታወቂያ ያለ ቪዛ ያስገባዋል። ሦስተኛዋ እዚህ አዲስ አበባ ተወልዳ፣ በልጅነቷ በግሪን ካርድ የሄደችና ወላጇ ዜግነት ሲወስድ አብራ ዜጋ የሆነች ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2001 ጀምሮ የሚሠራው የአሜሪካ የሕፃናት ዜግነት ሕግ ከ18 ዓመት በታች ላለችና ከወላጇ ጋር ለምትኖር እንዲህ ላለች ልጅ ማመልከቻ ሳይጠብቅ ዜግነት ይሰጣታል።

ለዚህች ሦስተኛ ልጅ የሚሠራው ንኡስ አንቀጽ 3 ነው። በራሱ አነሳሽነት ሳይሆን በሕግ ኃይል ሌላ ዜግነት ያገኘ ሰው በአዲሱ ዜግነት መብቶች መጠቀም ከጀመረ፣ ወይም በአንድ ዓመት ውስጥ ምርጫውን ካላሳወቀ፣ ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ተማሪዎቼ፣ እዚህ ላይ ለምርምር የሚሆን ጥያቄ አለ። የሰባት ዓመት ልጅ በእናቷ እጅ ተይዛ በአሜሪካ ፓስፖርት ብትሳፈር፣ ‹‹በመብቱ መጠቀም የጀመረው›› ማን ነው? ልጅቷ ናት ወይስ እናቷ? አዋጁ ለንኡስ አንቀጽ 2 ልጅ እስከ አካለ መጠን የሚታገሥ ሲሆን ለንኡስ አንቀጽ 3 ልጅ ይህን ትዕግሥት በግልጽ አልጻፈም። በእኔ አስተያየት ሕፃን በራሱ የሕግ ተግባር ሊፈጽም ስለማይችል ጊዜው ከአካለ መጠን ጀምሮ ቢቆጠር ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይስማማል፤ ነገር ግን ይህ የእኔ ንባብ እንጂ የሕጉ ቃል አይደለም።

በየትኛው በር፣ በየትኛው ፓስፖርት

አሁን ወደ ጉዞው እንመለስ። መሠረታዊው ደንብ አጭር ነው፦ ልጁ ዜጋ ወደሆነበት አገር ሲገባና ከዚያ ሲወጣ የዚያን አገር ፓስፖርት ያሳያል። አንዳንድ አገሮች ይህን በሕግ ግዴታ አድርገውታል። የአሜሪካ የኢሚግሬሽንና ዜግነት ሕግ ዜጋው ሲገባም ሲወጣም የሚያገለግል የአሜሪካ ፓስፖርት እንዲይዝ ያዛል፤ ሕፃን ልጅም ከዚህ ነፃ አይደለም። እስራኤልም ዜጎቿ ሌላ ዜግነት ቢኖራቸውም በእስራኤል ፓስፖርት እንዲገቡና እንዲወጡ ትጠይቃለች፤ በዚያ ያሉ የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች ይህን ደንብ ያውቁታል። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2016 ጀምሮ፣ ከአሜሪካ ካናዳውያን በቀር፣ ጥምር ዜጎች ወደ ካናዳ በአውሮፕላን ለመሳፈር የካናዳ ፓስፖርት እንዲያሳዩ ታደርጋለች። ብሪታንያ ለጎብኚዎች የምትሰጠውን የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ ለራሷ ዜጋ አትሰጥም። የሁሉም ምክንያት አንድ ነው፤ ዜጋ በገዛ ቤቱ እንግዳ ሆኖ ሊመዘገብ አይችልም።

ይህን ደንብ በመጀመሪያ የሚያስፈጽመው የድንበር ሹሙ አይደለም፤ በመነሻው አውሮፕላን ማረፊያ ባንኮኒ ላይ የቆመው የአየር መንገድ ሠራተኛ ነው። አየር መንገዱ ሰነድ የጎደለውን መንገደኛ ካጓጓዘ ይቀጣል፤ መንገደኛውንም መልሶ የማምጣት ግዴታ አለበት። ስለዚህ የሠራተኛው ጥያቄ ‹‹መድረሻው አገር በዚህ ወረቀት ያስገባዋል ወይ?›› የሚል ብቻ ነው። የልጁን ዜግነት የመወሰን ሥልጣን የለውም። ለባንኮኒው የመድረሻውን አገር ፓስፖርት፣ ለመውጫው ኢሚግሬሽን ደግሞ የመነሻውን አገር ፓስፖርት ማቅረብ ያስፈልጋል። እህቴ ከአዲስ አበባ ስትመለስ የልጇን የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለኢሚግሬሽን፣ የአሜሪካውን ለአየር መንገዱ ማሳየት ነበረባት። ሁለቱም እጇ ላይ መሆን ነበረባቸው።

ሌላም ጥንቃቄ አለ፤ በአንድ ቆይታ ውስጥ ልጁ በገባበት ፓስፖርት ይውጣ። በውጭ ፓስፖርትና በቪዛ የገባ ልጅ በመዝገቡ ላይ እንግዳ ነው፤ የቪዛው ቀን ይቆጠርበታል። ክረምቱን ከአያቱ ጋር ሊያሳልፍ መጥቶ ቀኑ ካለፈበት በኋላ ‹‹ለካ ኢትዮጵያዊ ፓስፖርትም አለው›› ብሎ መውጫው ላይ መቀየር፣ መግቢያ የሌለው መውጫ ያስመዘግባል፤ ያም ጥያቄ ያስነሣል።

ሁለቱም ዜግነቶች ባልሆኑበት በሦስተኛ አገር ግን ነገሩ ይለያል። የሄጉ ስምምነት አንቀጽ 5 ሦስተኛ አገር ሰውየውን አንድ ዜግነት እንዳለው አድርጎ እንደሚያስተናግደው ይናገራል። እዚህ ላይ ወላጅ የሚቀለውን ሊመርጥ ይችላል። ለምሳሌ በአሜሪካ ፓስፖርት በሸንገን አገሮች በየ180 ቀኑ ውስጥ እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ መቆየት ይቻላል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ብቻ የያዘ መንገደኛ ግን ከአውሮፕላን ማረፊያው ሳይወጣ ለማለፍ እንኳ፣ በደንቡ ከተዘረዘሩት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ የመተላለፊያ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ኢትዮጵያ በአውሮፓ ኅብረት የጋራ ዝርዝር ውስጥ ካሉት አገሮች አንዷ ናትና። በአንድ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ የእናቲቱና የልጇ መንገድ ሊለያይ የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ልጅ፣ ሁለት ስም፣ ሁለት የልደት ቀን

የዜግነት ሕግ መጻሕፍት የማይነግሯችሁ፣ የእኛን ቤተሰቦች ግን ከሁሉ በላይ የሚያደክም ነገር የስም ጉዳይ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። አንዲት ልጅ ፀሐይ ታደሰ ገብረ ሚካኤል ትባላለች እንበል። አባቷ ታደሰ በአሜሪካ ሰነዶቹ ላይ የአባቱን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስላስመዘገበ፣ ልጁ እዚያ ስትወለድ ‹‹ፀሐይ ገብረ ሚካኤል›› ተብላ ትጻፋለች። በኢትዮጵያ ፓስፖርቷ ግን ‹‹ታደሰ›› አለበት። ‹‹ፀ›› በላቲን ሲጻፍ አንዱ ጸሐፊ በቲና በኤስ፣ ሌላው በቲና በዜድ ይጽፈዋል። ‹‹ገብረ ሚካኤል›› አንዴ በአንድ ቃል፣ አንዴ በሁለት ይጻፋል። ኮምፒዩተሩ ሁለት ልጆችን ያያል።

እናትየውስ? ባህላችን ሴት በትዳር ስሟን እንድትለውጥ አያደርግም። አልማዝ በቀለ ከልጇ ጋር የሚያገናኛት አንድም የጋራ ስም የላትም። በሌላ አገር ያለ የድንበር ሹም እናትና ልጅን በቤተሰብ ስም ማዛመድ ስለለመደ ‹‹ይህች ልጅ ያንቺ ናት?›› ብሎ ቢጠይቅ ክፋት አይደለም፤ ሕፃናትን ከዝውውር ለመጠበቅ የተሰጠው ኃላፊነት ነው። መልሱ የሁለቱንም ወላጆች ሙሉ ስም የያዘ የልደት የምስክር ወረቀት ነው።

የዘመን አቆጣጠሩም አለ። ልጅቷ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 16 ቀን 2015 ተወለደች እንበል። በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 5 ቀን 2008 ነው። ከዓመታት በኋላ አንድ ጸሐፊ ጥቅምት 5ን መልሶ ሲለውጥ፣ በአብዛኞቹ ዓመታት እንደሚሆነው ኦክቶበር 15 ብሎ ይጽፋል። የ2007 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት ቀን እንደነበረች፣ አዲሱ ዓመትም በሴፕቴምበር 12 እንደገባ አላስታወሰም። በአንድ ቀን ልዩነት ሁለቱ ፓስፖርቶች የሁለት ሰው ይሆናሉ። ምክሬ ይህ ነው፦ በመጀመሪያው የልደት ምዝገባ የአባቱን ስም በመካከለኛ ስም ቦታ አስገቡ፤ የላቲን አጻጻፉን አንድ ጊዜ ወስናችሁ አትለውጡ፤ ሁለተኛው ፓስፖርት ሲወጣ የመጀመሪያውን ቅጂ አያይዙ።

የሁለት ወላጆች ፈቃድ

እስካሁን የተናገርሁት ስለተስማሙ ወላጆች ነው። ወላጆች ሲለያዩ ሁለት ፓስፖርት ሌላ መልክ ይይዛል። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕጋችን አባትና እናት በጋብቻቸው ዘመን የልጁ አሳዳሪና ሞግዚት በጋራ ናቸው። አሜሪካም ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ፓስፖርት የሁለቱንም ወላጆች ፈቃድ የምትጠይቀው በተመሳሳይ ምክንያት ነው፤ አንዱ ወላጅ ሌላው ሳያውቅ ልጁን ይዞ እንዳይጠፋ። ወላጅ ጥያቄ ካቀረበ በልጁ ስም የፓስፖርት ማመልከቻ ሲገባ የሚያሳውቅ መመዝገቢያም አላቸው። ነገር ግን አንድ መንግሥት መቆጣጠር የሚችለው የራሱን ፓስፖርት ብቻ ነው። ሌላው አገር ለልጁ ፓስፖርት እንዳይሰጥ ሊከለክል አይችልም። አሜሪካ ደግሞ መንገደኛ ሲወጣ ፓስፖርት የሚያትም የኢሚግሬሽን መስኮት የላትም። ሁለተኛው ፓስፖርት ለአንዱ ወላጅ ዋስትና፣ ለሌላው ስጋት የሚሆነው በዚህ ጊዜ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1980 በሄግ የተፈረመው የሕፃናት ጠለፋ ስምምነት ለዚህ የተበጀ ነው። ስምምነቱ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ አግባብ ሲወሰድ በፍጥነት ወደ ቋሚ መኖሪያው አገር እንዲመለስ ያዛል፤ የአሳዳጊነቱ ክርክርም እዚያው ይታያል። መለኪያው ልጁ የሚኖርበት ቦታ ነው፤ ስንት ፓስፖርት እንዳለው አይጠይቅም። ኢትዮጵያ የዚህ ስምምነት አባል አይደለችም። ስለዚህ ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ወደዚህ የተወሰደ ልጅ ጉዳይ በመደበኛ ፍርድ ቤት፣ በቤተሰብ ሕጋችንና በሕፃኑ ጥቅም ሚዛን ይታያል፤ ጊዜም ይወስዳል። ለሕፃን ደግሞ ሁለት ዓመት የዕድሜው ሲሶ ወይም ሩብ ሊሆን ይችላል። አባል መሆን ይገባናል ወይስ አይገባንም የሚለው ክርክር በዚህ ፋኩልቲ በሰፊው ሊደረግ የሚገባው ነው።

ለተስማሙ ወላጆች መፍትሔው ቀላል ነው። ልጁ ከአንድ ወላጅ ጋር ወይም ከአክስትና ከአጎት ጋር ሲጓዝ የቀረው ወላጅ የፈቃድ ደብዳቤ ይጻፍ፤ እዚህ ከሆነ በውልና ማስረጃ፣ ውጭ ከሆነ በሰነድ አረጋጋጭ ወይም በቆንስላ ይረጋገጥ። ደብዳቤው የመሄጃውንና የመመለሻውን ቀን፣ የሁለቱንም ፓስፖርቶች ቁጥር ይያዝ።

አሥራ ስምንተኛው ዓመት

ወደ መስኮቱ መጨረሻ ደረስን። የእህቴ ልጅ ዛሬ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ባለፈው ክረምት መጥታ ሳለ አንድ ምሽት፣ ‹‹ጋሼ፣ እናቴ በሚቀጥለው ዓመት ኢትዮጵያዊነቴ ያበቃል አለችኝ፤ እውነት ነው? እኔ ምን አጠፋሁ?›› ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ በብዙ የክፍል ውይይት ካገኘሁት ይልቅ አሳስቦኛል።

ሕጋዊው መልስ ይህ ነው። አካለ መጠን ከደረሰችበት ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት አላት። በዚያ ጊዜ አሜሪካዊነቷን ትታ ኢትዮጵያዊነቷን እንደመረጠች ለሚመለከተው የኢሚግሬሽንና የዜግነት መሥሪያ ቤት ካላሳወቀች፣ ኢትዮጵያዊነቷን እንደተወች ይቆጠራል። ያደገችበትን፣ የምትማርበትንና እናት አባቷ ያሉበትን አገር ዜግነት ትተው ዘንድ የሚመክራት ሰው አይገኝም። የኢትዮጵያ ፓስፖርቷ በላዩ ላይ የተጻፈው ጊዜ ገና ቢሆንም እንኳ ከዚያ በኋላ ልትጠቀምበት አይገባም፤ ወረቀቱ የሚመሰክርለት ዜግነት አብቅቷልና። በዚያ ጊዜ በሯ ቢጫ ካርድ ይሆናል። አንድ ቀን ኑሮዋን እዚህ አድርጋ ሌላውን ዜግነት ብትተው ደግሞ አዋጁ አንቀጽ 22 ወደ ዜግነቷ የምትመለስበትን መንገድ አልዘጋባትም።

ሌሎች አገሮች ለዚሁ ጥያቄ ሌላ መልስ ሰጥተዋል። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ2001፣ ዴንማርክ በ2015፣ ኖርዌይ በ2020፣ ጀርመን በ2024 ጥምር ዜግነትን ፈቅደዋል። በእነዚህ አገሮች በኩል ልጁ እንዲመርጥ የሚያስገድደው የለም። በእኛ በኩል ግን ጥያቄው እንዳለ ነው። የእኛ ሕግ ትክክል ነው ወይስ ይለወጥ የሚለውን ለእናንተ ክርክር እተወዋለሁ። አንድ ነገር ግን በግልጽ እናገራለሁ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 33 ኢትዮጵያዊ ያለ ፈቃዱ ዜግነቱን እንደማያጣ ይናገራል። አዋጁ ደግሞ ዝምታን እንደ ፈቃድ ይቆጥራል። ዝምታ ፈቃድ ሊሆን የሚችለው ዝም ያለው ሰው ጥያቄ መኖሩን ሲያውቅ ነው። ብዙ ልጆች ግን ጥያቄው መቅረቡን ሳያውቁ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይሞላቸዋል፤ ከዓመታት በኋላ ለአያታቸው ቀብር ሲመጡ መልሱ በእነርሱ ስም እንደተሰጠ ይሰማሉ።

ስለዚህ ወላጆችን፣ አጎቶችንና አክስቶችን የምለምነው ሁለት ነገር ነው። ልጁ ሕፃን ሳለ ሁለቱንም ፓስፖርቶች በየጊዜው እያያችሁ አድሱ፤ የአሜሪካ የልጆች ፓስፖርት የሚያገለግለው አምስት ዓመት ብቻ መሆኑን አትርሱ፤ ከቤት ስትወጡም ሁለቱን አብራችሁ ያዙ። ልጁ አሥራ ሰባት ሲሞላው ደግሞ አስቀምጣችሁ ንገሩት። ምን እንዳለው፣ ምን እንደሚያጣ፣ ምን እንደሚቀርለት በሚገባው ቋንቋ አስረዱት። እስከዚያ ድረስ ፓስፖርቱን የያዛችሁለት እናንተ ናችሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን ውሳኔው የእሱ ነው።

ለእህቴ ልጅ ምን ብዬ መለስሁላት? ‹‹ያጠፋሽው የለም፤ ሕጉ የሚጠይቅሽ የየትኛው መንግሥት ዜጋ እንደምትሆኚ ነው፤ የማን ልጅ እንደሆንሽ አይጠይቅሽም›› አልኋት። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፣ ‹‹እንግዲያስ አንድ ዓመት አለኝ ማለት ነው›› አለች። አዋጁን በአማርኛ እንዳነብላት ጠየቀችኝ። አንቀጽ 20ን ሁለት ጊዜ አነበብሁላት።